ከአዳማ አሰላ በብስክሌት

ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና አንድ ወግ ሳያልቅ ይደረሳል፤ በብስክሌት ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል። የምንበላው ዳቦ ከየት እንደሚመጣ ለልጆች ማሳየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ቀን አይቆጭም።

አዳማን በማለዳ ለቀን መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ውሃና መለዋወጫ የጫነች የቤት መኪና ከኋላ ትከተለን ነበር። ዴራን አልፈው ወደ ኢተያ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ግራና ቀኙን ስንዴና ገብስ ይሞላዋል። ወሩ ኅዳር ስለነበር አጨዳ ተጀምሯል። አንድ አባት ለ16 ዓመቱ የእህቴ ልጅ የስንዴ ዛላ በመዳፋቸው አሽተው «ቅመስ» ብለው ሰጡት። ስንዴን ከነዛላው ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ከኢተያ በኋላ ጉልበቱ ከዳውና ብስክሌቱን መኪናው ላይ ለመጫን አሰበ። አልተጫንነውም፤ ምርጫውን ለእሱ ተውን። ውሃ ጠጥቶ፣ ሙዝ በልቶ፣ ጥቂት አረፈና ተነሣ። በዚሁ በአሰላ አካባቢ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ያውቃል፤ እኛ አላነሳንበትም።

ለመሄድ ካሰቡ ይህን ልብ ይበሉ፦ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ዋናው ዳገት የሚመጣው ሰውነት ከደከመ በኋላ ስለሆነ ጠዋት አይሽቀዳደሙ። ከባድ መኪና ስለሚበዛ ሄልሜት አድርገው፣ ጠርዝ ይዘው፣ አንድ በአንድ ተከታትለው ይንዱ። ሳይመሽም አሰላ ይግቡ።