ሰፈሩ ተመታ፣ ጥያቄው ቀረ

መጋቢት 6 ቀን 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ኤርትራ ውስጥ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘልቆ ገባ፤ ራሚድ፣ ገላህቤና ጊምቢ በተባሉ ቦታዎች የነበሩና የታጣቂ ማሰልጠኛ ናቸው ያላቸውን ሰፈሮችም መታ። የሁለቱን አገሮች ጦርነት ካቆመው የአልጀርስ ስምምነት ወዲህ አዲስ አበባ በኤርትራ ምድር ጥቃት ማድረሷን በይፋ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰበቡ የአፋሩ ግድያ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ሊያዩ ከሄዱ አውሮፓውያን አምስቱ ተገደሉ፤ ሁለት ጀርመናውያንና አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ታፍነው ተወሰዱ። ኢትዮጵያ ጣቷን አስመራ ላይ ቀሰረች፤ አስመራ ካደች። ጀርመናውያኑን ይዞ የነበረው የአፋር አማጺ ቡድን ጦሩ ድንበር ከመሻገሩ ቀናት ቀደም ብሎ ለቋቸው ነበር። ኤርትራም ከጥቃቱ በኋላ አጸፋ አልመለሰችም።

ለመሆኑ ሰፈሮቹ እዚያ ምን አመጣቸው? ከ1990 እስከ 1992 የተካሄደው ጦርነት በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ፊርማ ቢቆምም፣ በስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 አወዛጋቢዋን ባድመን ለኤርትራ ሲሰጥ ኢትዮጵያ መሬቱን አላስረከበችም። ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ዘመን 16 ዓመት ቆየ። በዚያ ዘመን ሁለቱም መንግሥታት አንዱ የሌላውን ጠላት አስጠጋ። አስመራ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችን ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ተቀበለች፤ የኤርትራ ተቃዋሚዎች ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ መጠጊያ አገኙ። ይህን ሁለተኛውን ወገን ብዙዎቻችን ስናወራ እንዘለዋለን፤ መዝለሉ ግን ታሪኩን ያጎድለዋል።

እኔ እንደማምነው ሰፈሮቹን ባዶ ያደረጋቸው የ2004ቱ ጥቃት አይደለም፤ ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የተፈረመው የሰላም መግለጫ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የኦነግና የግንቦት 7 ታጣቂዎች አገር ቤት ገቡ፤ የተባበሩት መንግሥታትም በኤርትራ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ኅዳር 2011 አነሳ። በመስከረም የተከፈቱት የድንበር መተላለፊያዎች ግን ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ፤ ድንበሩም መሬት ላይ ሳይከለል ቀረ።

ነገሩ እኛ ከምንኖርበትም አይርቅም፤ የኮሎራዶዋ ዴንቨር ከትግራይዋ አክሱም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የእህትማማች ከተማነት ቃል አላት። በትግራዩ ጦርነት፣ ኅዳር 2013 ላይ፣ በአክሱም የኤርትራ ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን እንደገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። በዚህኛው ጊዜ ድንበር ተሻጋሪው የኤርትራ ጦር ነበር፤ የገባውም የአዲስ አበባ አጋር ሆኖ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ጎን ለጎን የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የአክሱምን ሐዘን ለአንድ ወገን ብቻ ልንተወው አይገባም።

ያ አጋርነትም አልዘለቀም፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ ኤርትራ በአማራ ክልል ያሉ ታጣቂዎችን ትደግፋለች ሲሉ ከሰሱ። አስመራ ክሱን እንደ 2004ቱ ሁሉ አስተባብላለች።