ከጭሰኛ እስከ አኖሌ

ከአሰላ በስተሰሜን፣ በሄጦሳ ወረዳ፣ የተቆረጠ ጡት የጨበጠ እጅ በሐውልት ቆሟል። የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሩ የምኒልክ ጦር ጡት ቆርጧል በሚለው ታሪክ ላይ «ሆኗል»፣ «አልሆነም» በሚል ሁለት ቦታ ተከፈለ። ምኒልክ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ አርሲን ለመያዝ መዝመታቸው፣ አጎታቸው ራስ ዳርጌ ጦር መምራታቸው፣ አርሲዎችም ጠመንጃን በጦርና በጋሻ ለዓመታት መግጠማቸው አያከራክርም። ቆረጣው ግን በዋናነት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አንዱ ወገን ይህን ማስረጃ ማጣት ይለዋል፤ ሌላው «ብዕሩ በአሸናፊው እጅ ነበርና ምን ይጠበቃል?» ይላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማን አደረገ የሚለው ነው። «የዳርጌ ጦር ቆረጠ» ሲባል አድራጊው በስሙና በዘመኑ ይቀመጣል። «ነፍጠኛው ቆረጠን» ሲባል ግን አድራጊው የዛሬ ጎረቤት ይሆናል፤ በምኒልክ ሠራዊት የሸዋ ኦሮሞ ፈረሰኞች መኖራቸውም ይረሳል። ዘመቻውን «አገር ማቅናት» የሚለው አነጋገርም አይሻልም፤ የሞተውን አርሲ ጭራሽ አያነሳውም።

ከንግግር ወደ ድርጊት መንገዱ አጭር ነው። ዘፋኙ ቴዲ አፍሮ የምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሏል ተባለ። እሱ አላልኩም ቢልም በዚያው በ2006 ዓ.ም. ስፖንሰሩ የነበረው በደሌ ቢራ እንዳይጠጣ ዘመቻ ተነሳ፤ ቢራ ፋብሪካውም ስፖንሰርነቱን ተወ።

አርሲ ይህንኑ ታሪክ ቀደም ሲል በሌላ መንገድ አንብባዋለች። ከዘመቻው በኋላ መሬቱ ለዘማችና ለሹም ተሰጥቶ ባላገሩ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያመጣ የስንዴ ምርት ጨመረ። እርሻው ያዋጣቸው ባለመሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ነቀሉት። ቀደም ብሎ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የከሰሱት ይህን የመሬት ሥሪት ነበር፤ ተከሳሹ ሥርዓት ስለነበር በአዋጅ ሊሻር ቻለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነት ቀረ።

ያ ንባብ ሁሉን በመደብ ሚዛን ብቻ ስለመዘነ የቋንቋና የክብር ቁስሉን አልፎት ሄደ። ለአኖሌ ቁጣ የተስፋዬ ገብረአብን «የቡርቃ ዝምታ» ልብ ወለድ ብቻ ተጠያቂ የሚያደርጉ ተቺዎች ይህን ክፍተት አይቆጥሩትም። መሬቱን የ1967ቱ አዋጅ ከባላባቱ ነጥቆ ለአራሹ ሲሰጥ፣ አፋን ኦሮሞ የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ለመሆን ደርግ እስኪወድቅ መጠበቅ ነበረበት።