የቡራዩ ፋንድያና የግብፅ ሰባኽ

አንባቢ ሆይ፤ በቡራዩ አድርጎ ወደ መርካቶ በሚገባው የአምቦ መንገድ ተጉዘው የሚያውቁ እንደ ሆነ፣ ጭድ ወይም ማገዶ የተጫኑ አህዮች ሳያዩ አልቀሩም። አህዮቹ ያለፉበትን ሥፍራ ግን መንገደኛው የሚመለከተው ጫማውን ለማዳን ብቻ ነው። ፋንድያው በመኪና ጎማ ተፈጭቶ፣ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ይሄዳል። አገራችን ከዓለም ሁሉ ብዙ አህያ ያላት ናትና፣ እንዲህ የሚጠፋው ነገር ጥቂት አይደለም።

ቋንቋችን ነገሩን ለይቶ ያውቀዋል። የላሚቱ እበት፣ የበጓ በጠጥ፣ የአህያው ፋንድያ ይባላል። እበት የሚጣበቅ ስለ ሆነ ሴቶች ጠፍጥፈው ኩበት ያደርጉታል፤ ኩበቱም ወደ ምድጃ ስለሚገባ ለእርሻ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አህያ ግን የማያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ ፋንድያው ገለባ ይበዛበታል፤ ይፈረካከሳል፤ ለኩበትም ብዙ አይመችም። እንግዲህ ከምድጃው ጋር ሳይጣላ ወደ ማሳ ሊሄድ የሚችለው እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ግብፅ እንውረድ። የቡራዩ ውሃ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይፈሳል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ግን በሙገር አድርጎ ከዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ የሱሉልታ አፈር ከሌላው የደጋ አፈር ጋር ለብዙ ዘመን የግብፅን እርሻ ሲያለማ ኖሯል። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ በግድቡ ታግዶ ቀረ።

ሆኖም የግብፅ ገበሬ ቀድሞም ቢሆን በደለል ብቻ አልተማመነም። አህያው፣ ላሙና ለማዳው ጎሽ በሚታሰሩበት ወለል ላይ ደረቅ አፈር ይበትናል። አፈሩ ሽንቱን ይመጣል፤ ፋንድያውና እበቱም አብሮ ይረገጣል። ሲርስ ሌላ ደረቅ አፈር ይጨምርበታል። በመጨረሻ ተዝቆ፣ በዚያው በአህያው ጀርባ ተጭኖ ወደ ማሳ ይወሰዳል። ይህን ሰባኽ በለዲ ይሉታል።

ሰባኽ ሌላም ዓይነት አለው፤ ከጥንት ከተሞች ፍርስራሽ የሚቆፈር አፈር ነው። በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአማርና የተገኙትን የፈርዖኖች የደብዳቤ ጽላቶች ያገኘቻቸው እንዲህ ያለ አፈር ስትቆፍር የነበረች ሴት ናት ይባላል። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ የመንግሥት ዶሴ በማዳበሪያ መካከል!

ግብፃዊቷም ብትሆን ኩበት ማንደዷ አልቀረም። እኛም ፍግ አናውቅም አይባልም፤ ጉራጌ እንሰቱን የሚያሳድገው በፍግ ነው። ልዩነቱ ያለው ከወለሉ ላይ ነው። ከእንስሳ የሚወጣው ናይትሮጅን ብዙው ክፍል በሽንት ይወጣል፤ ደረቅ አፈር ካልጠበቀው ወደ ነፋስና ወደ ጎርፍ ይሄዳል። በእኛ ግቢ አህያው ባዶ መሬት ላይ ሲያድር የሚሆነው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ፋንድያን አናጋን። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ አንድ ኩንታል እርጥብ ፋንድያ ግን ያለው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ሒሳቡን ቢያደርጉት ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ምትክ 90 ኩንታል ግድም ፋንድያ ሊጓዝ ነው። ለሩቅ የስንዴ ማሳ ይህ አድካሚ ነው፤ ለጓሮ ጎመንና ድንች ግን አይከብድም። ቡራዩም በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች፤ ማሳው ቤት እየሆነ ሲሄድ የሚቀረው ጓሮው ነው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ የናረ ጊዜም ቢሆን ፋንድያ ዋጋው አልጨመረም።

መሞከር ለሚሹ አሠራሩ ቀላል ነው። አህያው በሚያድርበት ሥፍራ ደረቅ አፈርና ጭድ ይበትኑ። በየጊዜው እየዛቁ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ይከምሩ፤ ሲደርቅም ውሃ ያርከፍክፉበት። በጥሬው እንዳይበትኑት ይጠንቀቁ፤ አህያ የበላው የአረም ዘር ሳይሞት በፋንድያው ስለሚወጣ ጎመንዎን በአረም ያስወርሩታል። ዘሩን የሚገድለው የክምሩ ትኩሳት ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በክምሩ ውስጥ ረዥም እንጨት ሰክተው፣ ቆየት ብለው ያውጡትና በእጅዎ ይዳስሱት፤ እንጨቱ ትኩስ ከሆነ ገና ነው፤ ከበረደና ክምሩም አፈር አፈር ከሸተተ ወደ ጓሮው ይውሰዱት።