ከበሮው ያለው ንብረት ክፍል ነው

በአንድ ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዓመታት በባለሙያነት ሠርቻለሁ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር። ይህን የማንሾካሽከው በየትናንሽ ከተማው ክራር ለሚመቱ፣ እስክስታ ለሚያሠለጥኑ፣ ተውኔት ጽፈው መድረክ ላጡ ወጣቶች ነው። መንግሥት ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የለውም ሲባል ሰምታችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ይሆናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ችግሩ ያለው የሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 ኪነ ጥበብ እንዲስፋፋ የማድረግ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሚል ገደብም አክሎበታል። በጀት ሲደለደል ጉልበት ያለው ገደቡ ነው። ወረዳው ከክልሉ በጥቅል የሚደርሰውን ገንዘብ ሲያከፋፍል ትምህርት፣ ጤናና ግብርና ይቀድማሉ፤ መቅደማቸው አግባብ ነው። ለባህል የሚተርፈው በአብዛኛው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከዚያ የምትቀረው የሥራ ማስኬጃ ወረቀት፣ ነዳጅና ውሎ አበል ስትሸፍን ታልቃለች።

ውሎ አበሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሒሳብ መደቡ 6231 ነው። ለአንድ ተወዛዋዥ የመንግሥት ገንዘብ እጁ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚህ መደብ ነው። ይህ ማለት የሚከፈለው ከወረዳው ሲወጣ ብቻ ነው ማለት ነው። ኅዳር 29 ለሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ወይም ለሌላ ትልቅ በዓል ይጠራል፤ መኪና ይመደባል፤ አበል ይፈርማል፤ ተጫውቶ ይመለሳል። ቀን ከሌት ለተለማመደበት ጊዜ ግን መደብ የለውም። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ ቡድኑ በጥድፊያ ይሰባሰባል፤ አምና የቀረበውን ያንኑ ጭፈራ አድሶ ይሄዳል። አዲስ ሥራ የማይወጣው ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ድጋፉ ራሱ የተቀረጸው ለጉዞ እንጂ ለልምምድ አይደለም።

በደርግ ጊዜ የነበሩትን የኪነት ቡድኖች አስቡ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የላሊበላ ኪነት ነው። በረሃቡ ጊዜ የረዳንን ዓለም ለማመስገን ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድን በ1980 ዓ.ም. ሲጓዝ የየክፍለ ሀገሩ ዘፈንና ጭፈራ አብሮ ተጉዟል። ያ መንግሥት ከያንያኑን ለቅስቀሳ እንደተጠቀመባቸው አልረሳሁም፤ ያ ይመለስም አልልም። ነገር ግን አብሮ የሚውልና አብሮ የሚለማመድ ቡድን ምን እንደሚያወጣ አይተናል።

አሁን ወደ ከበሮው ልምጣ። ጽሕፈት ቤቱ ከበሮ፣ ክራርና የባህል ልብስ ሲገዛ ዕቃው ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ ይሆናል፤ ንብረት ክፍል ይቆለፍበታል። ለመውሰድ በሞዴል 20 ይጠየቃል፤ ኃላፊው ያጸድቃል፤ በሞዴል 22 ይወጣል። ለኮምፒውተር ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው። ከበሮ ግን ሳይመታ ሲከርም ቆዳው ይደርቃል፤ ጠፍሩን አይጥ ይበላዋል። የወረዳችን ልጆች በጀሪካን እየመቱ ሲለማመዱ፣ ሁለት ደህና ከበሮዎች ከአሮጌ ወንበሮች ሥር ተቀምጠው አይቻለሁ። ንብረት ክፍሉ አልፈቅድም ብሎ አይደለም። ዕቃው ቢቀደድ ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው፤ ፈራ። ኃላፊው በስሙ ፈርሞ ለቡድኑ መሪ በውሰት እንዲሰጥ ከጠየቃችሁ ግን ይቻላል። ይህን የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም።

ግዥው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በወረዳችን ማሲንቆ የሚሠሩ አንድ አባት ነበሩ። እንጨቱን ጠርበው፣ ቆዳውን ወጥረው፣ የፈረስ ጭራውን ገምደው የሚያወጡት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ከእሳቸው ለመግዛት ዕቅድ አቀረብን። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ አለን። እሳቸው ንግድ ፈቃድ የላቸውም፤ ደረሰኝ የላቸውም፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም የላቸውም። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ መለያ ቁጥር ለሌለው አቅራቢ የሚፈጸም ክፍያ ከተወሰነ መጠን ካለፈ 30 በመቶው ተቀናሽ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ማሲንቆው ከትልቅ ከተማ፣ ደረሰኝ ካለው ነጋዴ ተገዛ። ለቱሪስት ማስታወሻ የተሠራ ነበር፤ ጭራው እንኳ በደንብ አይወጠርም። የባህል በጀት ወጣ፣ ሪፖርት ተደረገ፣ የባህሉ ባለቤት ግን ሳንቲም አላገኙም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

መውጫ መንገድ አለው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በማኅበር ከተደራጁ የመለያ ቁጥርና ደረሰኝ በማኅበሩ ስም ማውጣት ይችላሉ። ለዚህ የሚረዳ ባለሙያ ወረዳው ውስጥ አለ፤ እሱና የባህል ጽሕፈት ቤቱ ግን አይነጋገሩም። በደብዳቤ ማገናኘት የእናንተ ፈንታ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል ተብሎ ሐምሌ ላይ ማመልከቻ ይዛችሁ አትምጡ። ያኔ ዕቅዱ አልቋል። ወራት ቀድማችሁ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲጽፍ ኑ፤ በኃላፊው ሳይሆን በዕቅድ ባለሙያው ጀምሩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገም ሊቀየር ይችላል፤ ሠንጠረዡን የሚሞላው ግን ባለሙያው ነው። ሠንጠረዡ ቁጥር ይወዳል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ባህልን ማሳደግ የሚል ጥያቄ የትም አይገባም። 10 ወጣቶች፣ 4ቱ ሴቶች፣ በሁለት ሩብ ዓመት ውስጥ ከአንድ ባለሙያ ማሲንቆ አሠራር ይማራሉ ብትሉ ግን ባለሙያው ራሱ ደስ ብሎት ይጽፈዋል፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚያደርገው ነገር አገኘ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ በር አለ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ ሥልጠና በድንገት ይበዛል። ግንቦት ላይ ዝግጁ የሆነ፣ አሠልጣኙና ቦታው የታወቀ ሐሳብ ካላችሁ ያ ገንዘብ ከሻይና ከደብተር ይልቅ ለእናንተ ሊውል ይችላል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም ለምኑ። አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለትምህርት ቤቶች የትብብር ደብዳቤ፣ ወደ ቀበሌ በሚሄድ መኪና ላይ ቦታ። በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ ቱሪዝም ለብቻው ወጥቶ ባህል ከስፖርት ጋር በአንድ ሚኒስቴር ስለተዋቀረ፣ በእናንተ አካባቢ ባህል በማን ሥር እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ከስፖርት ጋር ከሆነ ኳሱ ሁሉንም እንዳይወስድ ቀድማችሁ ተገኙ።

ማመልከቻችሁን በቃል አትተዉት። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር አሰጡት፤ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱም ግልባጭ ይሂድ። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ሲያጸድቅ የእናንተ መስመር ገብታ እንደሆነ በዚያ ቁጥር ጠይቁ።