ለግራኝ እህቶች፦ የመጀመሪያውን የጎልፍ ዱላ ከመግዛታችን በፊት



በዛሬው ጽሑፋችን በማህበረሰባችን ውስጥ ብዙም ስለማይወራ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ጎልፍ ነው። «ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ አይደለም ወይ? እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲሁ ነበር የምንለው። ይሁን እንጂ በእስራኤል ብቸኛው ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ የሚገኘው በቄሳርያ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከኦር ዓቂቫና ከሐደራ አጠገብ ነው። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ ሲሆን፣ በ2009 ፒት ዳይ በተባለው አሜሪካዊ የሜዳ ነዳፊ እንደገና ተሠርቷል። በጋዓሽም ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ። በቄሳርያ ሜዳ ያደገችው ሌቲሲያ ቤክ በልጅነቷ ከቤልጅየም ዓሊያ ያደረገች ስትሆን፣ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ እስራኤልን ወክላ ተጫውታለች። እርግጥ ነው፣ ከቤልጅየም መምጣትና ከጎንደር ገጠር መምጣት አንድ አይደለም። ቢሆንም ሜዳው ደጃችን ነው፣ መሞከርም ይቻላል።

ይህንን እንድንጽፍ ያነሳሳችን በሥራችን ያወቅናት አንዲት እናት ናት። ስሟን አንጠራም። ሐኪሟ ለስኳሯ «በእግርሽ ተንቀሳቀሺ» ብሏት ነበርና፣ አንዲት ጎረቤቷ የባሏን አሮጌ የጎልፍ ዱላዎች ከነቦርሳው ሰጠቻት። ሦስት ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መለማመጃ ሜዳ ሄደች። ሦስቱንም ጊዜ ወይ ኳሱን ሳተችው፣ ወይ መሬቱን መታችው። በአራተኛው ሳምንት ቀረች። ምነው ብለን ስንጠይቃት «ተዉኝ፣ የኔ እጅ ድሮም የተረገመ ነው» አለችን።

ነገሩን ስናጣራ እጇ ምንም አልነበረውም። የተሰጣት ዱላ የወንድ፣ ያውም የቀኝ እጅ ነበር። እርሷ ደግሞ ግራኝ ናት። ይህንን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እርሷም ራሷ ከረሳችው ቆይታለች።

መጀመሪያ እጃችንን እንወቅ

በአገራችን ልማድ በግራ እጅ መጉረስም ሆነ ዕቃ ማቀበል ነውር እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ግራኝ ሆኖ የተወለደ ልጅ በቁጣም ሆነ በአርጩሜ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ወላጆቻችን ያንን ያደረጉት ሰው እንዳይስቅብን ብለው እንጂ በክፋት አይደለም። ያቺ እናትም በግራ ስትጎርስ እጇን እየተመታች ነው ያደገችው። እዚህ መጥታ ኡልፓን ስትገባ እርሳሱን የያዘችው በቀኟ ነው። ስለዚህ የጎልፍ አሠልጣኙ «በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?» ብሎ ሲጠይቃት «በቀኜ» አለች። መልሷ እውነት ነው፤ ለጎልፍ ግን አይጠቅምም።

በመሠረቱ የምንጽፍበት እጅና ዱላ የምንወዘውዝበት ጎን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ፊል ሚክልሰን በሌላው ሥራው ሁሉ ቀኝ ሲሆን፣ በልጅነቱ አባቱን ፊት ለፊት እያየ እንደ መስተዋት ስለተማረ በግራ ይጫወታል። በ1963 የብሪታንያን ኦፕን ያሸነፈው ኒውዚላንዳዊው ቦብ ቻርልስም እንደዚሁ ነው። በሌላ በኩል በግራ እየጻፉ በቀኝ የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ማንም ገና ለገና «ግራኝ ነሽ» ወይም «ቀኝ ነሽ» ስላለን መግዛት የለብንም።

ታዲያ በምን እንለያለን? ቤት ውስጥ ያለው ረጅም መጥረጊያ ወይም ስፖንጃ የምንሠራበት ማጌቭ ይበቃል። ሳታስቡ በሁለት እጃችሁ ያዙትና መሬት ጥረጉ። ከታች ያለው የትኛው እጅ ነው? ከዚያም ወረቀት ጨምድዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡና በመጥረጊያው አሥር ጊዜ ወደ ግራ፣ አሥር ጊዜ ወደ ቀኝ ምቱት። ግራ እጁ ከታች ሆኖ፣ ቀኝ ትከሻው ወደሚመታበት አቅጣጫ ዞሮ የሚቀለው ሰው የግራ ዱላ ያስፈልገዋል። መጉረስንና መጻፍን ሰው አስተምሮናል። መጥረጊያ አያያዝን ግን ማንም በአርጩሜ አላረመብንም፤ ስለዚህ አይዋሽም።

የግራኝ ዱላ በምን ይታወቃል?

አገር ቤት ጎረቤቶቻችን የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ያየን ሰዎች፣ የገና ዱላ ግራኝና ቀኝ እንደማይለይ እናውቃለን። የጎልፍ ዱላ ግን የሚመታበት ፊት አንድ ብቻ ነው። ከመደብር ወይም ከያድ ሽኒያ ሻጭ ስትወስዱ እንዲህ ፈትሹ፦ ዱላውን ከፊታችሁ አቁሙት፣ የራሱ ጫፍ ከእናንተ ወደ ውጭ ይመልከት። የሚመታበት ፊት ወደ ቀኛችሁ ካየ የግራኝ ነው። ወደ ግራችሁ ካየ የቀኝ ነው። መደብር ስትገቡ በዕብራይስጥ «ማክሎት ጎልፍ ለስማሊት» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በዱላው ዘንግ ላይ «ኤል» የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻዋን ብታዩ «ግራ» ማለት አይደለም። ዘንጉ ለሴት የሚሆን ለስላሳ ነው ማለት ነው። የግራኝ ዱላ በማስታወቂያውም ሆነ በሳጥኑ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው «ኤል ኤች» በሚሉ ሁለት ፊደላት ነው። «አር ኤች» ካለ የቀኝ ነው። አንዲት ግራኝ ሴት የምትፈልገው ሁለቱንም ነው፤ ዘንጉ «ኤል»፣ ዱላው «ኤል ኤች»። በኢንተርኔት ስትገዙ ይህንን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ዕቃው ከውጭ ከመጣ በኋላ መመለስ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል።

«የሴት ዱላ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀለሙ ሮዝ መሆኑ አይደለም። ዋናዎቹ ልዩነቶች አራት ናቸው።

አንደኛ ርዝመት፦ የሴት ዱላ ከወንዱ በአብዛኛው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ሁለተኛ ክብደት፦ ዘንጉ ከብረት ሳይሆን ግራፋይት ከሚባል ቀላል ነገር ይሠራል። ሦስተኛ ልስላሴ፦ ዝግ ብሎ ለሚወዘውዝ ሰው ዘንጉ ትንሽ መተጣጠፍ አለበት፤ አለዚያ ኳሱ አይነሳም። አራተኛ መያዣው፦ ቀጠን ያለ ነው። በላይኛው እጃችሁ፣ ማለትም ለግራኝ ተጫዋች በቀኝ እጃችሁ፣ ስትጨብጡት የጣቶቻችሁ ጫፍ መዳፋችሁን በትንሹ መንካት አለበት። መዳፉን ከወጋ መያዣው ቀጭን ነው፤ ጭራሽ ካልደረሰ ወፍራም ነው።

ጓንትም የሚደረገው በዚሁ በላይኛው እጅ ነው። ስለዚህ ግራኝ ተጫዋች የምትገዛው የቀኝ እጅ ጓንት ነው። ኳስ ግን ግራና ቀኝ የለውም፤ ያገኛችሁትን ተጠቀሙ።

ስንት ዱላ ይበቃል?

የጨዋታው ደንብ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ሙሉ አዲስ ስብስብ በሺዎች በሚቆጠር ሸኬል የሚሸጥ ስለሆነ፣ ጀማሪ ቤተሰቧን እስከማስቸገር ድረስ ልትገዛ አይገባም። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ዱላ ብቻ፦ 7 ቁጥር አይረን። ርዝመቱም የፊቱ ጋደል ማለትም መካከለኛ ስለሆነ ሁሉም ሰው በእርሱ ይማራል። ወደዳችሁት እንበል። ከዚያ ኳሱን በጉድጓዱ ዙሪያ የሚያንከባልል ፓተር፣ ከአሸዋና ከቅርብ ርቀት የሚያወጣ ሳንድ ዌጅ፣ 9 ቁጥር አይረን፣ ከሩቅ ለመምታት ደግሞ ሃይብሪድ የሚባለው ይጨመራል። ይህ አምስት ዱላ ነው፤ ለአንድ ዓመት ይበቃል። ረጅሙን ድራይቨር ለኋላ ተዉት። ስትገዙትም የፊቱ ጋደል ማለት 12 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ፊት ጀማሪን ያስቸግራል።

ከመግዛትም በፊት መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል። ወደ መለማመጃው ሜዳ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉና «ለግራኝ ሴት የሚሆን 7 ቁጥር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠይቁ ሄዶ የቀኝ ዱላ ይዞ መመለስ ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው።

የግራኝ ሴት ዱላ ባይገኝስ?

እውነቱን ለመናገር ምርጫው ጠባብ ነው። ፋብሪካዎች ለግራኞች በተለይም ለግራኝ ሴቶች የሚሠሩት ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ አለ። ቁመታችሁ አጭር ከሆነ ለታዳጊ ልጆች የተሠራ የግራኝ ዱላ ሊስማማችሁ ይችላል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ቁመታችሁ ረዘም ካለ የወንድ የግራኝ ዱላ ሆኖ ዘንጉ ለአረጋውያን የሚባለው ለስላሳ፣ ማለትም «ኤ» የሚል ፊደል ያለበት ይሆናል። ሦስተኛው የወንዱን ማሳጠር ነው። ይሁንና ዘንግ ሲቆረጥ እየደነደነ ስለሚሄድ፣ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስቆርጡ። ሥራውንም ባለሙያ ይሥራው እንጂ ቤት ውስጥ በመጋዝ አይሞከርም።

ያድ ሽኒያ ከሆነ ዘንጉን በጣታችሁ ከላይ እስከ ታች ዳስሱ፤ ስንጥቅ ካለው አትውሰዱ። ራሱን ነቅንቁት፤ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ወይም ከላላ ተዉት። መያዣው ደርቆ ቢንሸራተት ግን አያሳስብም፤ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል።

በነጻ የተሰጠ ነገርስ? ስጦታ መመለስ ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ግን ለእጃችሁ የማይሆን ስጦታ ነጻ አይደለም። ዋጋውን የምትከፍሉት «እኔ አልችልም» በማለት ነው። አመስግናችሁ ተቀበሉና ለሚሆነው ሰው አስተላልፉት።

ያቺ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። የተሰጣትን ዱላ ቀኝ ለሆነው ለትልቁ ልጇ አስተላለፈች። ከመለማመጃው ሜዳ አንድ የግራኝ 7 ቁጥር ተከራየች። በመጀመሪያው ቀን ኳሱ እየተንከባለለ ጥቂት ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከመሬት ተነሳ። ሩቅ አልደረሰም፤ እርሷ ግን ዱላውን ይዛ ቆማ ኳሱ እስኪቆም ድረስ አየችው። «እናቴ ብታየኝ ደግሞ በግራሽ? ትለኝ ነበር» ብላ ሳቀች። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ትሄዳለች። ዱላ ግን ገና አልገዛችም፤ እኛም አትቸኩዪ ብለናታል።

ግራኝነት እርግማን እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሰው መጽሐፈ መሳፍንትን እንጠቁማለን። እስራኤልን ከሞዓብ ያዳነው የጌራ ልጅ ኤሁድ ግራኝ ነበር። ከብንያም ነገድም ድንጋይ ወንጭፈው የማይስቱ 700 ግራኞች እንደነበሩ በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል። በጎልፍም ማይክ ዌር በ2003፣ ቡባ ዋትሰን በ2012ና በ2014 ታላቁን የማስተርስ ውድድር በግራ ዱላ አሸንፈዋል። ከሴቶችም ቦኒ ብራያንት በ1974 በአሜሪካ የባለሙያ ሴቶች ውድድር በግራ ተጫውታ አሸንፋለች።

እህቶቻችን፣ መጀመሪያ መጥረጊያችሁን አንሱ፤ ቦርሳችሁን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ግራኝ ሴት ልጅ ያላችሁም ብትሆኑ እጇን ከመመለሳችሁ በፊት በዚሁ መጥረጊያ ፈትኗት።

መልካም ጨዋታ ይሁንላችሁ። ሰላም ሁኑ!