«ይተኛ» ያልነው ሰው

ሆስፒታል ታማሚ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ምክር አያጣም። ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ታማሚው አክብሮ ቀና ሊል ሲሞክር ደግሞ ትከሻውን ይዞ «ኧረ በሞቴ፣ ተኛ! አትነሣ» ይለዋል። ክፉ አስቦ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው መታመሙ የሚታወቀው በመተኛቱ፣ ወገኑ መውደዱ የሚታወቀው በማስተኛቱ ነው። የተሰበረ ይተኛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ይተኛል፣ አራስም ትተኛለች። ሳይነሣ በቆየ ቁጥር በደንብ እንደተያዘ ይቆጠራል።

እኔ በአጥንት ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ከዚህ ምክር ጋር በየቀኑ መከራከር ነው። ዕረፍት አያስፈልግም የሚል ባለሙያ የለም። ነገር ግን አልጋ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ልክ አለው፤ ልኩን ሲያልፍ ራሱ በሽታ ያመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1947 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አልጋ ላይ የመዋል አደጋዎችን ከቆዳ እስከ አእምሮ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሐኪሞችን አስጠንቅቆ ነበር። ያኔ ያለው ሁሉ ዛሬም በየክፍላችን ይታያል።

ከጡንቻ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አዋለ። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጎደለ። እነዚህ ሰዎች ስብራት የለባቸውም፣ ትኩሳት የለባቸውም፣ ምግባቸውም የተሟላ ነበር። የእኛ ታማሚ ግን የሚተኛው ከሕመሙ ጋር፣ ብዙ ጊዜም ምግቡ አልወርድ እያለው ነው።

ሳንባም እንዲሁ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው አየር የሚስበው በጥቂቱ ስለሆነ አክታው ከታች ይጠራቀማል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። አጥንት የሚሸከመው ክብደት ሲያጣ ካልሲየሙን እየለቀቀ ይሳሳል፤ የተለቀቀውም በኩላሊት በኩል ሲያልፍ ለጠጠር ምክንያት ይሆናል። አንጀት ይዘገያል፣ ሆድ ይደርቃል። የእግር ባት በእያንዳንዱ እርምጃ ሲኮማተር ደሙን ወደ ልብ የሚገፋ ነበረና እርምጃው ሲቀር ደሙ እዚያው ይዘገያል። ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የፍሰቱ መዘግየት፣ የሥሩ መጎዳትና የደሙ ለመርጋት መፍጠን። ጭኑ የተሰበረ ሰው ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ይዞ ነው የሚተኛው። የወለደች ሴትም በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ደሟ ለመርጋት የቀረበ ነው፤ ስለዚህ አራስ ቤት ውስጥም ቢሆን ጥቂት ጥቂት መራመድ አለባት። የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ባት ብቻውን ሲያብጥና ሲያም አትሹት፣ ለወጌሻም አትስጡት፣ ለነርስ ንገሩ የምንለው።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሥራው ላይ ሲገባ የሚገባን ግን ሌላ ነው፤ አካል ብቻውን አይተኛም። ታማሚው ጭንቀቱንም ይዞ ነው የሚተኛው፤ ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያከፋዋል።

ተመራማሪው ሃንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ አይጦችን በብርድ፣ በጉዳት፣ በድካምና በመርዛማ ነገር ሲፈትን ምክንያቱ ቢለያይም የሰውነታቸው ምላሽ አንድ ዓይነት መሆኑን አሳየ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ይተልቃሉ፣ የሰውነት መከላከያ ክፍሎች ይኮሰምናሉ፣ ጨጓራ ይቆስላል። ዛሬ አካሄዱን በተሻለ እናውቀዋለን። የተጨነቀ ሰው አድሬናሊኑ የቆዳውን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። ኮርቲሶሉ ጡንቻን አፍርሶ ወደ ስኳር ይለውጣል፣ የመከላከል ኃይልን ያዳክማል፣ ቁስል እንዳይጠግግ ያዘገያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት አስተኙ። ከመተኛታቸው በፊትም ከተኙ በኋላም ይህንኑ የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ሆርሞኑ ያው ሆኖ ሳለ የተኛው ጡንቻ ከቆመው ይልቅ አብዝቶ ፈረሰ። የኔ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚችለውን ጭንቀት የተኛ ሰው ሥጋ አይችለውም።

በክፍላችን ይህ እንዴት እንደሚታይ ላሳይ። አንድ አባት ጭናቸው ተሰብሮ ትራክሽን ላይ ነበሩ፤ እግራቸው በገመድና በክብደት ተስቦ የሚያዝበት ሕክምና ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ወሬያቸው የተቆጠበ፣ ምስጋናቸው የበዛ ሰው ነበሩ። ሕመም ሲጠየቁ «ተመስገን» ነው መልሳቸው። ራስጌያቸው ያለው የውሃ ጠርሙስ ግን ጠዋት እንደሞላ ማታም እንደሞላ ነበር።

«አባባ፣ ውሃው ለምን አልጎደለም?» አልኳቸው።

«አልጠማኝም፣ ልጄ።»

ከንፈራቸው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሽንታቸውም ጠቁሯል። ልጃቸው ወደ ውጭ ሲወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩኝ። ጎረምሳ ልጃቸው ፖፖ ይዞ ከሥራቸው ሲጎነበስ፣ ከጎን ያለው ታማሚና ጠያቂው ሁሉ እያየ፣ አልቻሉትም። መፍትሔ ያሉት ውሃውንም ምግቡንም መቀነስ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ እህሉ ሳይሰበሰብ ማሳ ላይ ቀርቷል፣ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ መጥቷል፣ ስንት ሳምንት እንደሚቆዩ የነገራቸው ሰው የለም።

እንግዲህ ነገሩን ተከተሉት። ኀፍረቱ ውሃውን አስቀረ። ውሃ ሲጎድል ደሙ ይወፍራል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሽንቱ ለኢንፌክሽን ይመቻል፣ ቆዳው ይሳሳል። ምግቡ ሲቀንስ አጥንቱም ቁስሉም የሚጠገንበት ፕሮቲን ያጣል። ሌሊት በሐሳብ እንቅልፍ ሲያጡ ሕመሙ ይብሳል፤ ሲያማቸው አይንቀሳቀሱም፣ አጥብቀው አይስሉም፤ ካልሳሉ አክታው ይከማቻል። በቻርታቸው ላይ የተጻፈው «የጭን ስብራት» ብቻ ነው። ሰውየውን ይገድላቸው የነበረው ግን ያልተጻፈው ነበር።

ያደረግነው ብዙ አይደለም። መጋረጃ አመጣን። ፖፖ የሚቀርብበትን ሰዓት ለይተን በዚያ ሰዓት ወንድ ነርስ እንዲያግዛቸው፣ ልጃቸውም ወጣ እንዲል አደረግን። የሕመም ማስታገሻው ሕመሙ ከተነሣ በኋላ መሰጠቱ ቀርቶ በሰዓቱ እንዲሰጥ ሆነ። ትራክሽን ላይ ያለ ሰው ወደ ጎን ስለማይገላበጥ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለውን መያዣ ጨብጠው፣ በጤነኛው እግራቸው ረግጠው መቀመጫቸውን ከፍ ማድረግ ተለማመዱ። ሐኪሙ የሚቆዩበትን ጊዜ በግምትም ቢሆን በግልጽ ነገራቸው። የወንድማቸው ልጅ ስለ እህሉ በስልክ አነጋገራቸው። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላ ጀመር።

ስለ ቆዳ ለብቻው ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው እናጣለንና። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ሳያውቀው ይገላበጣል። መገላበጥ ያልቻለ ሰው ግን ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨፍልቆ ደም ያጣል። በጀርባ ለተኛ ሰው ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ከወገብ በታች የጭራ አጥንቱ ላይ፣ ተረከዝ፣ ትከሻ፣ የራስ ቅሉ ጀርባ። የተማርንባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የመኝታ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት መቅላት ነው ይላሉ። ለነጭ ቆዳ ልክ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት የሚጠብቅ ነርስ ግን የሚያየው ቁስሉ ሲከፈት ነው። ስለዚህ በእጅ መዳሰስ ይገባል። ከአካባቢው ይልቅ ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠጠር ወይም ልል ያለ፣ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ያለው፣ ሲነኩት የሚያም ቦታ ካለ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳያቋርጡ ማድረጉ ነው ከባዱ። በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ። ሲያገላብጡ ሁለት ሆኖ ከአንሶላው ጋር ማንሳት፤ መጎተት ቆዳውን ከሥጋው ይለያየዋል። ትራስ ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ከባቱ ሥር አድርጎ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ማድረግ። በልማድ ከምናደርጋቸውም የሚቀሩ አሉ። የተጎዳውን ቦታ ማሸት ከሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል። በውሃ የተሞላ ጓንትና እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅም አይጠቅሙም፤ ቀለበቱ እንዲያውም ዙሪያውን ተጭኖ ደም ይከለክላል።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራል? ማታ ተረኛዋ ነርስ አንድ ስትሆን ታማሚው ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር የኢትዮጵያ ሆስፒታል ሌሊቱን የሚያድረው በአስታማሚ ነው። አስታማሚው ግን ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር፣ ከታማሚው የተረፈውን የሚበላ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የመርሳት ሕመም ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ ሴቶችን ከሌሎች ጋር አነጻጸረ። ክንዳቸው ላይ የተደረገ 3.5 ሚሊ ሜትር የምታህል ቁስል ከሌሎቹ 9 ቀን ያህል ዘግይታ ዳነች። ማስታመም ሥጋን ይጎዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው እንዲፈራረቅ ቤተሰቡን እንመክራለን፤ አንዱ ሲያድር ሌላው ቤቱ ይተኛ። የደከመ አስታማሚ ታማሚውን በሌሊት አያገላብጥም።

ሌላው ዋጋ የማያስወጣ መድኃኒት መናገር ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርሶች መጽሐፏ ስጋት፣ መጠበቅና የሚሆነውን አለማወቅ ታማሚን ከድካም ይልቅ እንደሚጎዱት ጽፋለች። በእኛ ክፍሎች የተለመደው ግን ግርጌ ቆሞ ማንሾካሾክ ነው። «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይሉናል። ታማሚው ከንግግሩ ግማሹን ይሰማል፤ የቀረውን በሐሳቡ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። መርፌው ምን እንደሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው ለምን እንደተላለፈ፣ ነገ ምን እንደሚደረግ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግር ነርስ የሚያስፈልገው ደቂቃ ብቻ ነው።

ማንቀሳቀስ ሲባል ግን በዘፈቀደ አይደለም። የአከርካሪ ጉዳት ያለበትን ወይም ስብራቱ ያልተያዘለትን ሰው ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ አያነሣውም፤ መጀመሪያ ይጠይቃል። የተፈቀደለትም ለቀናት ተኝቶ ከነበረ ዘሎ አይቆምም፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ይወድቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ደግፈውት ይነሣል። መነሣት ያልተፈቀደለትም ቢሆን ባለበት የእግር ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ በጥልቀት መተንፈስ፣ በራሱ እጅ መጉረስ ይችላል። የሚችለውን ሁሉ ሠርታችሁ አትጨርሱለት።

በሙያችን «ያልተጻፈ አልተሠራም» እንላለን። መርፌው በሰዓቱ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ማገላበጡ፣ የጠጣው ውሃ፣ የተራመደው እርምጃ፣ የተነገረው ነገር ግን ቻርት ላይ ቦታ የላቸውም፤ ፈረቃ ስንቀያየርም አንጠያየቅባቸውም። ስለዚህ ለክፍል ኃላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህ አራቱ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ይጻፉ፣ ሰዓት ይሰጣቸው፣ የሠራው ይፈርምባቸው። አዲስ ማሽንም አዲስ በጀትም አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ወረቀትና ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።