ኮምፒውተራችን የረሳን ዕለት

ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ለሰፈራችን አዲስ ነገር ስላልሆነ ሻማ ለኩሰን፣ እራታችንን በልተን ተኛን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መብራቱ መጥቷል። ሳሎን ጥግ የተቀመጠውን፣ ልጆቹ «ሽማግሌው» እያሉ የሚጠሩትን ዴስክቶፕ የከፈተችው ትልቋ ልጄ ነበረች። ፓስወርዱን አስገብታ ትንሽ ጠበቀችና ጮክ ብላ ተጣራች።

«እማዬ፣ ነይ እስኪ! ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ሆኗል!»

ሄጄ ሳይ እውነቷን ነው። ስክሪኑን ሞልቶት የነበረው የልጆቹ የጥምቀት ፎቶ የለም። ባለቤቴ ዴስክቶፑ ላይ የደረደራቸው ፋይሎች የሉም። የፎቶ ፎልደሩን ብከፍተው ባዶ ነው። ከታች በቀኝ በኩል የገባነው በጊዜያዊ ፕሮፋይል እንደሆነ የምትናገር አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ አለችና ጠፋች።

ሽማግሌው ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ኑሯችን አለ። የልጆቹ ክርስትና፣ የወንድሜ ሠርግ፣ ባለቤቴ የሚጽፈው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሁሉ እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እናቴ ከማረፏ አንድ ዓመት በፊት፣ ቡና እያፈላች ስለ ልጅነቷ ያወራችበት ቪዲዮ አለ። ቪዲዮው የተቀረጸበት ስልክ ከተሰረቀ ቆይቷል። ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ባለቤቴ አንድ የሚያውቀው ጥገና ቤት ደወለ። መልሱ አጭር ነበር፤ «ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው፤ አምጡት፣ ፎርማት አድርገን አዲስ እንጭንበታለን።» ገመዱን ልንነቅል ስንል በኮምፒውተር ሙያ የሚተዳደረው የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝና ደወልኩለት።

«አክስቴ፣» አለኝ፣ «ፎርማት የሚል ሰው ካጋጠመሽ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ውጪ። እስክመጣ ምንም ነገር እንዳትነኩ።»

ያን ዕለት ከእሱ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነገር ነውና።

ፕሮፋይል ምንድን ነው?

ዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ክፍል አለው እንበል። ፎቶው፣ ዶክመንቱ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣቸው ነገሮችና ከኢንተርኔት ያወረዳቸው ፋይሎች በዚያ ክፍል ይቀመጣሉ። የስክሪኑ ሥዕልና ሌሎች የግል ምርጫዎቹ ደግሞ «ኤንቲዩዘር ዳት» በሚባል አንድ የተደበቀ ፋይል ውስጥ ይመዘገባሉ። የተጠቃሚ ፕሮፋይል የሚባለው ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው።

ፓስወርድ ስናስገባ ዊንዶውስ መጀመሪያ «ሬጅስትሪ» የተባለውን መዝገቡን ከፍቶ የዚህ ሰው ክፍል የት እንደሆነ ያያል። ቀጥሎ ያንን የተደበቀ ፋይል ይከፍታል። መዝገቡ ከተዛባበት ወይም ፋይሉ አልከፈት ካለው ባለቤቱን በር ላይ ከማቆም ይልቅ ባዶ ጊዜያዊ ክፍል ያዘጋጅለታል። እኛ እሑድ ጠዋት የገባነው እዚያ ነው። የራሳችን ክፍል ከነዕቃው በቦታው ነበር፤ ዊንዶውስ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ነው የሳተው።

ለዚህ የሚዳርጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ኮምፒውተሩ መዝገቡን እየጻፈ ሳለ መብራት በድንገት ከጠፋ ጽሑፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያረጀ ሃርድ ዲስክ አንዳንድ ቦታው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያቅተዋል። አንዳንዴ ደግሞ አንቲቫይረሱ ፋይሉን እየፈተሸ ስለያዘው ዊንዶውስ በሰዓቱ ሊከፍተው ሳይችል ይቀራል። የመጨረሻው ቀላሉ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ሊፈታው ይችላል።

ከሁሉ በፊት፦ አትቸኩሉ

የእህቴ ልጅ እንደመጣ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ዛሬ ከተከፈተ በኋላ የሠራችሁበት ነገር አለ?» ሁላችንም የለም አልን። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረገው። ለካስ እኛ ስልክ ስናወራ ትንሹ ልጄ የአማርኛ የቤት ሥራውን ሁለት ገጽ ጽፎ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ዊንዶውስ ከጊዜያዊው ፕሮፋይል ስንወጣ እዚያ የተቀመጠውን ሁሉ ይሰርዛል። የልጁ ሁለት ገጽ በዚያው ቀረች፤ ልጁም አለቀሰ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው። በጊዜያዊ ፕሮፋይል እንደገባችሁ ካወቃችሁ ምንም አዲስ ነገር አትሥሩበት። ሳታውቁ የሠራችሁት ካለ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ፍላሽ ገልብጡት። አዲስ ፕሮግራም አትጫኑ፤ «ኮምፒውተር ያጸዳል» የተባለ ነገር ሁሉ አታውርዱ። ሃርድ ዲስኩ ከወትሮው የተለየ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው አጥፉትና ለባለሙያ ስጡት፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዷ ተጨማሪ ደቂቃ ጉዳቱን ልታብስ ትችላለች።

ክፍሉን በዓይን ማየት

ሪስታርት አድርጎም ያው ሆነ። ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ አጠገቡ አስቀመጠኝና ማውሱን ለእኔ ሰጠኝ። «ኮምፒውተር» የሚለውን ክፈቺ፣ ቀጥሎ «ሎካል ዲስክ ሲ»፣ ከዚያ «ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር አለኝ። ከፈትኩት። የባለቤቴ ስም ያለበት ፎልደር እዚያው ተቀምጧል! አጠገቡ «ቴምፕ» የሚባል ሌላ አለ፤ ጊዜያዊው ክፍል እሱ ነው።

የባለቤቴን ስም ስጫን ፈቃድ የለሽም አለኝ። «ኮንቲኒው» የሚለውን ስጫን ከፈተልኝ። ፎቶው፣ የእድሩ ደንብ፣ ቪዲዮው ሁሉ አለ። የእናቴን ቪዲዮ ወዲያው ልከፍተው ስል እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ እንገልብጠው፤ ከዚያ ሲያሻሽ ስታዪው ትውያለሽ።»

ኮምፒውተራችሁ ከዚህም የቆየ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ከሆነ የምትፈልጉት ፎልደር «ዩዘርስ» ሳይሆን «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ነው። ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳ ካለ ደግሞ ባለሙያ ኡቡንቱን በመሰለ ከፍላሽ የሚነሳ ሲስተም ከፍቶ ፋይሎቹን ሊያወጣ ይችላል፤ ወይም ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል።

የእኛ ፋይሎች ወደ 90 ጊጋባይት ይሆኑ ነበር። የአሮጌ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ቀርፋፋ ነው፤ 100 ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው ሲጠጣ ግልበጣው አለቀ።

መንገዱን መጠገን

ፋይሎቹ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ካረፉ በኋላ ያለው ሥራ ጭንቀት የለበትም። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው መዝገቡን ማረም ነው። በሬጅስትሪው ውስጥ «ፕሮፋይል ሊስት» የሚባል ቦታ አለ። በዚያ ሥር እያንዳንዱ ተጠቃሚ በ«ኤስ-1-5-21» የሚጀምር ረጅም ቁጥር ተሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙ ጊዜ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው መጨረሻው ላይ «ባክ» የሚል ጭራ አለው። ባለ ጭራው የቀድሞው ፕሮፋይል ነው፤ ጭራ የሌለው የጊዜያዊው። ባለሙያው ስማቸውን ያለዋውጥና «ስቴት» እና «ሬፍካውንት» የሚባሉትን ሁለት ዋጋዎች 0 ያደርጋቸዋል። የእኛ የተስተካከለው በዚህ ነው። ግን ሬጅስትሪ በስሕተት ከተነካ ኮምፒውተሩን እስከ አለመነሳት ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ከመነካቱ በፊት የራሱ የመዝገቡ ቅጂ ይወሰዳል። ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ሁለተኛው መንገድ ለማንም ይቀላል። ከኮንትሮል ፓነል አዲስ ተጠቃሚ ትፈጥራላችሁ፤ በእሱ ትገቡና ፎቶውን፣ ዶክመንቱን፣ ቪዲዮውን ከድሮው ፎልደር ወደ አዲሱ ትገለብጣላችሁ። በ«ኤንቲዩዘር» የሚጀምሩትን ፋይሎች ግን አትገልብጡ፤ ችግሩ ያለው እነሱ ላይ ሊሆን ይችላልና አዲሱን ክፍል ያበላሹባችኋል። በብሮውዘሩ ያስቀመጣችኋቸው አድራሻዎችና አንዳንድ የኢሜይል ፋይሎች «አፕዳታ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሚገኙ እነሱንም አትርሱ። የድሮውን ፎልደር ቢያንስ ለጥቂት ወራት አታጥፉት።

ጥገና ቤት ስትሄዱ

ሁሉም ጥገና ቤት አንድ አይደለም፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ብዙ አለ። ፎርማት የሚቀናው የጥገና ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በአጭር ሰዓት የሚያልቅ፣ ኮምፒውተሩንም ፈጣን የሚያደርግ ሥራ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ፤ መጀመሪያ ፋይሎቼ ይገልበጡ።» ይህንኑ በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የራሳችሁን ኤክስተርናል ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የቤተሰብ ፎቶ የቤተሰብ ገመና ነውና ከተቻለ ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ።

ፎርማት ተደርጎ ከሆነስ? ኮምፒውተሩን ወዲያው መጠቀም አቁሙ። በቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አዲስ ነገር ያልተጻፈበትን ቦታ የፋይል ማውጫ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። በላዩ ላይ አዲስ ፋይል በገባ ቁጥር ግን ዕድሉ ይጠባል።

አንድ ለእኛ ሀገር ሰው የሚሆን ማስታወሻ ልጨምር። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳችሁ ስትከፍቱ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የራሳቸው አሠራር ባላቸው ፎንቶች ይጽፍ ነበር። የባለቤቴ የእድር ደንብ በላፕቶፔ ላይ እንዲያ ሆኖ ታየ፤ የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ተስተካከለ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ ብትጥሉት ኖሮ ጤነኛ ፋይል መጣላችሁ ነበር።

ነገ እንዳይደገም

እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ባለሙያዎች የሚመክሩት መመጠኛ ቀላል ነው፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይሉታል። የምትወዱት ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ሌባም ሆነ እሳት ኮምፒውተሩንና መሳቢያው ውስጥ ያለውን ዲስክ አንድ ላይ ሊወስድ ይችላልና።

ከቤት ውጭ ያለው ቅጂ እህት ቤት የተቀመጠ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይም ሊሆን ይችላል። ጉግል ለአንድ አካውንት በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። የስልክ ፎቶ በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ ከ3,500 በላይ ፎቶ ይይዛል። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለዘመናት ማስቀመጫ አይታመንም።

ኮምፒውተሩንም አትርሱት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሽማግሌው ለልጆች ጨዋታና ለጽሕፈት ያገለግል ይሆናል፤ የቤተሰብ ብቸኛ ማኅደር መሆኑ ግን ማብቃት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ መግዛትም ከጥገናና ከጭንቀት ያድናል።

ያን እሑድ ማታ የጥምቀቱ ፎቶ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ትንሹ ልጄ የቤት ሥራውን በእርሳስ፣ በደብተሩ ላይ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን የእናቴን ቪዲዮ ከፈትነው። እጣኑን እያጨሰች፣ ጀበናውን እያዘነበለች ታወራለች። ልጆቹ ከዚያ በፊት እስከ መጨረሻው አይተውት እንደማያውቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ቪዲዮው ሦስት ቦታ አለ። አንዱ ሽማግሌው ውስጥ፣ አንዱ መሳቢያችን ውስጥ፣ አንዱ እህቴ ቤት። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ ቡናው ሲቀራርብ፣ ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥታ የምትሰካው ትልቋ ልጄ ናት።